አራት ጣት ክፍተት

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ነበር። አቃቂ ካሉት የጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎች አንዱ በረዳት ቴክኒሻንነት ቀጠረኝና አየር ክፍል መደበኝ። የሰፈሬ ልጆች «አየር ልትሸጥ ነው?» እያሉ ሲቀልዱብኝ ከረሙ።

አየር ክፍል ቀልድ አይደለም። ጥጥ የሚፈተልበት አዳራሽ አየሩ ከደረቀ ክሩ ይበጣጠሳል፤ በጣም ከረጠበ ደግሞ ማሽኑ ላይ ይጠመጠማል። የእኛ ሥራ አየሩን በውሃ አጥቦ፣ አሙቆ ወይም አቀዝቅዞ ወደ አዳራሹ መንፋት ነበር። አለቃችን ፎርማኑ ጋሽ ሙላቱ ናቸው። አጭር ሰው ናቸው፤ ጆሯቸው ላይ ሁልጊዜ እርሳስ አይጠፋም።

መፍቻ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ የመዳፍ ያህል ነጭ ጨርቅ ሰጡኝ። ግድግዳው ላይ ሁለት ቴርሞሜትር ተሰቅሏል፤ የአንደኛው ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሏል። የአየሩ እርጥበት የሚታወቀው ሁለቱን በማስተያየት ነው።

«ጨርቁን ቀይር» አሉኝ። «ጨርቁ ከቆሸሸ ቴርሞሜትሩ ይዋሻል። እሱ ከዋሸ ሁላችንም ውሸታም ነን።»

ከምሳ በኋላ ብቻዬን ስዞር፣ የውጭ አየር የሚገባበት የቆርቆሮ መዝጊያ ገርበብ ብሎ አየሁ። ጊዜው ክረምት ነው፤ ብርዱ በዚያ ይገባል፣ እኛ ደግሞ እንፋሎት እየፈጀን እናሞቃለን። ሰው ረስቶት ነው ብዬ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። በመጀመሪያው ቀኔ ፋብሪካውን የጠቀምኩ መስሎኝ ደረቴ ተነፋ።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ፈታይ ከአዳራሹ ወጣች። ሻሽ አስራለች፣ ቅንድቧ ላይ የጥጥ ብናኝ አለ።

«ማነው አየሩን የዘጋብን?» አለች። «ትንፋሽ አጠረን እኮ። ሰው ነን፣ ጥጥ አይደለንም!»

ቴርሞሜትሮቹን አየሁ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሴትዮዋ ግን ልክ ነበረች። አስካለ ትባላለች፤ አዳራሹ ውስጥ አየር ሲጎድል ከማንም ቀድማ የምታውቅ እሷ ናት። ኋላ በዕድሜም በወግም እትዬ አስካለ አልኳቸው፤ ከዚህ በታችም እንደዚያው እላለሁ።

ጋሽ ሙላቱ አልጮሁብኝም። መዝጊያውን ከፈት አድርገው አራት ጣታቸውን በክፍተቱ አስገቡ።

«ሙቀት እንዳታባክን አስተምርሃለሁ» አሉኝ። «ይቺን አራት ጣት ግን እንዳትነካ። ማሽኑ ሙቀት ይበቃዋል፤ ሰው አየር ይፈልጋል።»

እሺ አልኩ። ነገሩ በዚያው የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ሙላቱ ያስያዙኝ ሌላም ልማድ አለ። አንድ ነገር ጠግኜ ስጨርስ በሳምንቱ መልሰው ይልኩኝ ነበር። «ማሽን በሠራኸው ቀን ይሉኝታ ይይዘዋል፤ እውነቱን የሚነግርህ በሳምንቱ ነው» ይላሉ። በዚህ ስንቱን ጉድ ደርሼበታለሁ። ይህን ልማድ እስከ ዛሬ አልተውኩም።

ፋብሪካው ወደ ግል ሲዞር ሠራተኛ ተቀነሰ፤ እኔም ከተቀነሱት አንዱ ሆንኩ። በአሮጌው የባቡር ሐዲድ አጠገብ አንዲት ሱቅ ተከራይቼ «ፍሪጅ፣ ቦይለር፣ ኤርኮንዲሽነር እንጠግናለን» የሚል ሰሌዳ ሰቀልኩ። «እንጠግናለን» ያልኩት ለወግ ነው፤ ብቻዬን ነበርኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ካውያ ነው። ቆይቶ ግን ከአቃቂ እስከ ሳሪስ ቤት ያለው ሁሉ አወቀኝ። ጉራ ካልሆነብኝ፣ ጥሩ ሠራተኛ ነበርኩ።

አንድ ቀን ሳሪስ የሚኖሩ የጉምሩክ ትራንዚተር ጠሩኝ። ሳሎናቸው ኤርኮንዲሽነር አለ፤ አያቀዘቅዝም።

«ጋዝ ሙላልኝ» አሉኝ። ሁሉም ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ቤንዚን ይመስል ጋዙ በየጊዜው የሚያልቅ ይመስለዋል። ካልሾለከ አያልቅም።

ቀና ብዬ ሳይ፣ የግድግዳው ማሽን ላይ በእጅ የተሠራ ነጭ ዳንቴል ተደርጎበታል። አየር የሚስብበትን አፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፍኖታል። ውጭ ያለው ክፍሉ ደግሞ ዝናብ እንዳይመታው ተብሎ በላስቲክ ተጠቅልሏል።

«እሜቴ፣ ይሄ ዳንቴል ይነሣ» አልኳቸው ለባለቤታቸው።

«አንድ ክረምት ሙሉ የሠራሁት ነው እኮ!»

«ያምራል። ግን አፍንጫው ላይ ነው ያደረጉበት።»

ዳንቴሉን አንሥቼ፣ ላስቲኩን ገፍፌ፣ ፊልትሮውን በሳሙና ውሃ አጥቤ መለስኩት። ሳሎኑ ወዲያው ቀዘቀዘ። ትራንዚተሩ ጋዝ እንዳልሞላሁ አላመኑኝም፤ እስከ ዛሬም የሚያመሰግኑኝ «ጋዙን አሳምረህ ሞልተህልኝ» እያሉ ነው።

ቦይለርም እንዲሁ ነው። የእኛ ሰፈር የጉድጓድ ውሃ ኖራ ይበዛዋል። ኖራው በማሞቂያው ብረት ላይ እንደ ቅርፊት ይጋገርና ብረቱ ውሃውን ትቶ ቅርፊቱን ሲያሞቅ ይውላል። ውሃውን ደፍተህ፣ ብረቱን ነቅለህ፣ በአቼቶ ዘፍዝፈህ ቅርፊቱን ካራገፍክ ቦይለሩ እንደ አዲስ ይሠራል። በዓመት አንዴ ይህን ያደረገ ሰው እኔን ሁለተኛ አይጠራኝም። ይህን ለደንበኞቼ ስነግር ሌሎች ባለሙያዎች እንጀራህን በገዛ እጅህ ትዘጋለህ ይሉኝ ነበር።

እንጀራዬን አልዘጋሁም። የዘጋሁት ሌላ ነገር ነው።

ኮንዶሚኒየም መሠራት ከተጀመረ በኋላ የገላን ነዋሪዎች ደንበኞቼ ሆኑ። እዚያ ሜዳ ላይ ነፋሱ ኃይለኛ ነው። የመስኮቶቹ ብረት ከግድግዳው ጋር አይገጥምም፤ ላይኛው ናኮ ደግሞ ቢዘጋም በመስተዋቶቹ መካከል ያስተነፍሳል። ሰው የኤሌክትሪክ ሂተር ይገዛና አይሞቅም ብሎ ይጠራኛል። ሂተሩ ምንም አልሆነም፤ የሚያሞቀው ሜዳውን ነው። እኔ ጧፍ አብርቼ በመስኮቱና በበሩ ዙሪያ አዞራለሁ። ነበልባሉ ያዘነበለበት ሁሉ ቀዳዳ ነው። በሲሊኮንና በጎማ እደፍነዋለሁ። ጧፉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሥራዬ አለቀ ማለት ነው። በዚህ ስም አተረፍኩ።

እትዬ አስካለ ጡረታ ወጥተው እዚያው ገላን ዕጣ ደርሷቸዋል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። አንድ ቀን ሱቄ መጡ።

«ጌታቸው፣ ሂተር ገዝቼ ክፍሉ አልሞቅ አለኝ» አሉ። «ሕይወት ልትወልድ ነው። እኔ ቤት ነው የምትታረሰው።»

ሕይወት አንድ ልጃቸው ናት። ካገባች ሰባት ዓመቷ ነው፤ ልጅ እምቢ ብሏት ያልተሳሉለት ታቦት የለም። «አንድ ነፋስ እንዲነካት አልፈልግም። አንተ አየር ታውቃለህ» አሉኝ።

ከዚያ በላይ የሚያኮራ ነገር የለም። በነጋታው ሄጄ ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። ናኮውን አንድ በአንድ በሲሊኮን አያያዝኩት። መስኮቱን ዙሪያውን ደፈንኩት። በበሩ ሥር ወፍራም ጎማ ገጠምኩ። ሂተሩን ከመጋረጃው አርቄ ሙቀቱን መካከለኛው ላይ አደረግሁት። ጧፉን ሳዞረው ንቅንቅ አላለም።

«እሰይ!» አሉ እትዬ አስካለ።

«አሁን ነፋስ የሚባል አይገባም» አልኳቸው።

ጊዜው መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ነበር። እኔ ራሴ መብራት ሲጠፋ ሱቄ በር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። እሳቸው ቤት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ግን አልጠየቅሁም። ለምን እንዳልጠየቅሁ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ። ጧፉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ደስ ብሎኛል፤ በቃ።

ሥራውን በጨረስኩ በሦስተኛው ቀን ሕይወት ወንድ ልጅ ወለደች። እኔ በሳምንቱ፣ እንደ ልማዴ፣ ሥራዬን ለማየት ሄድኩ። ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ደረጃውን ወጥቼ ስደርስ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ሳሎን ውስጥ ሁለት ጎረቤቶች ገንፎ ይበላሉ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት» ብዬ ተቀመጥኩ። «ሂተሩ እንዴት ነው?»

«መብራት ሲኖር ድንቅ ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «ሕይወት ግን ከጠዋት ጀምሮ ራሷን ይፈልጣታል፣ አስመለሳትም። ትናንት ጠያቂ በዝቶ በሩ ሲከፈት ስለዋለ ነፋስ አግኝቷት ነው። አሁን ዘግቼላት እንቅልፍ ይዟታል።»

«ሕፃኑስ?»

«እሱም ተኝቷል። ዛሬ እንዴት ያለ ጨዋ ሆኖ እንደዋለ! ጡት እንኳ አልጠየቀም።»

«ሕፃን ሲተኛ ነው የሚያድገው» አለች አንዷ ጎረቤት።

አምፖሉን ቀና ብዬ አየሁት። «መብራት ከመቼ ጀምሮ ነው የሌለው?»

«ከንጋት ጀምሮ። ዛሬ ፈረቃችን አይደለም።»

«ታዲያ ክፍሉ በምን ይሞቃል?»

«በከሰል ነዋ! ጭሱን በረንዳ ላይ ጨርሼ፣ ፍሙ ብቻ ሲቀር ነው ያስገባሁት። አላዋቂ አደረግኸኝ እንዴ?»

ብድግ ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ። እትዬ አስካለ ቀድመውኝ በሩ ላይ ቆሙ።

«ጌታቸው! ከፀሐይ መጥተህ? አረፍ በል መጀመሪያ፣ ላብህ ይድረቅ። አራስ ቤት እኮ ነው!»

እውነታቸውን ነው። ከመንገድ የመጣ ሰው ፀሐዩን ሳያበርድ አራስ ቤት አይገባም፤ ይህን እኔም ከልጅነቴ አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን ስንት ዓመት ያከበርኳቸውን ሴት ትከሻቸውን ይዤ ገለል አደረግኋቸው።

በሩ አልከፈት አለኝ። የያዘው እኔ የገጠምኩት ጎማ ነው። በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ።

ክፍሉ ደስ የሚል ሙቀት ነበረው። እውነቱን ልናገር፣ ከሠራኋቸው ክፍሎች ሁሉ እንደዚያ የተመቸ አላየሁም። ጭስ የለም። ሽታ የለም። ምድጃው አልጋው አጠገብ ፍም ብሎ ተቀምጧል። ሕይወት ፊቷ ቀልቷል። ስጠራት ዓይኗን ገለጠች፤ አላወቀችኝም። የሕፃኑን እጅ አንሥቼ ስለቀው ዝም ብሎ ወደቀ።

ምድጃውን አንሥቼ ሮጥኩ። መዳፌን ሲጠብሰኝ የታወቀኝ በረንዳው ላይ ሳስቀምጠው ነው። ተመልሼ መስኮቱን ስገፋው አልነቃነቅ አለ። በካቻቢቴ ሲሊኮኑን ልነቅለው ሞከርኩ። ሥራዬ ጥሩ ስለነበር አልነቀልም አለኝ። በፒንሳው እጀታ የናኮውን መስተዋት መታሁት፤ አንዱ ረገፈ፣ ሁለተኛው ረገፈ።

«ነፋሱ! ኧረ አራሷን ሊገድላት ነው!» ብለው ጎረቤቶቹ ጮሁ።

«ከሰሉ ነው! አየር ነው የጨረሰባቸው! አውጧቸው!» ብዬ እኔም ጮህኩ።

ሕይወትን ሦስት ሆነን ደግፈን ወደ በረንዳ አወጣናት። እትዬ አስካለ ሕፃኑን ታቅፈው ነፋሱ ላይ ቆሙ። ያ ነፋስ እሳቸው የፈሩት፣ እኔም የዘጋሁላቸው ነፋስ ነው። ልጁ ዝም አለ። እትዬ አስካለ ጀርባውን እያሹ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። ልጁ አሁንም ዝም አለ። ከዚያ አነጠሰና አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ደረሱ፤ ኦክስጅን ተሰጣቸው። ነርሷ «ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ…» ብላ ነገሩን አልጨረሰችውም። ሁለቱም በማግሥቱ ደኅና ሆነው ቤታቸው ገቡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የበለጠ ያሳፍረኛል። ወሬው ገላንን አዳረሰ። «ማርያም የላከችው ሰው» ተባልኩ። የማላውቀው ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ይመርቀኛል። ሥራው በዛልኝ። ነፋሱን ማን እንደዘጋው ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ምስጋና ደግሞ ይጣፍጣል።

አርባው ሲቃረብ እትዬ አስካለ ሱቄ መጡ። አዲስ ነጠላ ለብሰዋል።

«የክርስትና አባቱ አንተ እንድትሆን ተስማምተናል» አሉኝ።

ለመሸሽ ያለኝ በር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ውሸት ነው፤ በዚያ መውጣት ግን አቃተኝ። «እትዬ፣ አልችልም» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ክፍሉን ያፈንኩት እኔ ነኝ። አንዲት ቀዳዳ አልተውኩም። መብራት ሲጠፋ በምን ትሞቃላችሁ ብዬ አልጠየቅሁም። ሕይወትንና ልጇን ልገድላቸው የነበርኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ አስካለ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። የሌለ የጥጥ ብናኝ የሚለቅሙ ይመስል የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ሲነካኩ ቆዩ።

«አውቃለሁ» አሉ። «መስኮቱን ስትሰብረው ያን ጊዜ ገባኝ። እኔስ? አየር ሲጎድል ከሰው ሁሉ ቀድሜ የማውቅ ሴት፣ ከሰሉን በገዛ እጄ አስገባሁ። አጠገቧ ተቀምጬ ራሴን ሲያዞረኝ፣ እርጅና ነው ብዬ ወጣሁ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው። ብቻህን አትውሰደው።»

እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ከለከሉኝ።

«እሱን ተወው አሁን። እንደኔ ቤት አድርገህ የደፈንከው ስንት ቤት አለ?»

ወር ሙሉ ስለ ራሴ ስም ስጨነቅ ይህ ጥያቄ አንድም ቀን አልመጣልኝም። ደብተሬን አውጥቼ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ቤት። ከእነሱ በሁለቱ እርጉዝ ሴት እንደነበረች ትዝ አለኝ።

«ተነሥ» አሉ እትዬ አስካለ። «እኔም እመጣለሁ። አንተን ብቻህን ማን አራስ ቤት ያስገባሃል?»

ያኔውኑ ጀመርን። በየበሩ ቀድመው የሚገቡት እሳቸው ናቸው። እኔን ሲያስተዋውቁኝ «ይሄ ሰው ልጄንና የልጅ ልጄን ሊጨርስብኝ ነበር፤ ስለዚህ ሲናገር ስሙት» ይላሉ። ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ኖሮኝ አያውቅም። ሁሉም ሰማ። አንድ ቤት ብቻ አባወራው «ደክመህ የዘጋኸውን መልሰህ ልትከፍት?» ብሎ ተከራከረን። እትዬ አስካለ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠውን፣ ማታ ሊገባ የተዘጋጀውን የከሰል ምድጃ በጣታቸው አሳዩት። ሰውዬው መሰላል አመጣልኝ።

በየቤቱ የላይኛውን ናኮ ሲሊኮን ቆርጬ መስተዋቱን አራት ጣት ከፈትኩ። በጣቶቼ እየለካሁ ነው የሠራሁት፤ የጋሽ ሙላቱ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር። አሥራ አንዱንም ስንጨርስ አራት ቀን ፈጅቶብናል። በአርባው ቀን ልጁን ክርስትና አነሣሁት። አሁን ጎረምሳ ሆኗል፤ ኳስ ሲጫወት ትንፋሹ የሚያልቅ አይመስልም።

ወጣት ቴክኒሻኖች ምን ትመክረናለህ ይሉኛል። ፊልትሮውን እጠብ፣ ኖራውን አራግፍ፣ ሳይሾልክ ጋዝ አትሙላ። ይህን ሁሉ ሌላ ሰውም ይነግራችኋል። የእኔ ምክር ይህ ነው። አንድ ክፍል ከመድፈናችሁ በፊት፣ መብራት ሲጠፋ በምን እንደሚሞቁ ጠይቁ። ከሰል ሰው የሚተኛበት ክፍል አይገባም በሏቸው። እሺ ይሏችኋል። እሺ ቢሏችሁም አራት ጣት ተዉ። በሳምንቱም ተመልሳችሁ እዩ፤ ጨርቅ ወትፈውበት ታገኙታላችሁ።